ታጁራ፦ አልጋው መካከለኛ፣ ቁርሱ ጥሩ፣ መንገዱ ግሩም

ባሕር ዳር የምትሄዱት ተጋድሞ ለመዋል ከሆነ ይህ ቤት ለእናንተ አይሆንም። በየሰዓቱ ቀዝቃዛ መጠጥ እያዘዘ ከመዋኛ ገንዳ አጠገብ መሰንበት የፈለገ ሰው ጂቡቲ ከተማ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች አንዱን ይምረጥ። እኔ የምጽፍለት ማረፊያ አምስት ክፍሎች፣ አንድ ሰገነት፣ አንድ ያረጀ ላንድክሩዘርና አንድ ሹፌር አሉት። ዋጋቸው ግን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚቆጠረው፤ ሹፌሩ ከሁሉ ይቀድማሉ።

ቤቱ ያለው ጂቡቲ ውስጥ፣ ታጁራ ላይ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ከምስጋናዬ ጋር ወቀሳም አለኝ፣ ከተማዋ ደግሞ ሁሉም የሚተዋወቅባት ናት። ከጀልባ ወርዶ «መኪና ያላት ሴትዮ ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አይቸገርም።

የሄድነው አራት ጓደኛሞች ነን፤ አንድ ጠበቃ፣ አንዲት የፈረንሳይኛ መምህርት፣ አንዲት ነርስና እኔ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ክፍያ ስጽፍ ረዘም ብል በዚህ ይቅርታ ይደረግልኝ። ናጋድ እስከሚባለው የጂቡቲ ከተማ ባቡር ጣቢያ በባቡር፣ ከዚያ ወደ ወደቡ በታክሲ፣ ከወደቡ ደግሞ ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ አቋርጠን ገባን። በመኪና ዞሮ መምጣትም ይቻላል። ጀልባውን የምመርጠው ግን መሬቱን አስቀድሞ ስለሚያሳይ ነው፤ ከፊት ለፊት በባሕሩ ጠርዝ የተደረደሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ከኋላቸው ወዲያው ሽቅብ የሚነሣው የጎዳ ተራራ ይታያል። ከዚህ ባሕር እስከዚያ ተራራ ድረስ በመኪና እንደምንወጣ ሲነገረን ጠበቃው የሕይወት መድን ገብቶ እንደሆነ ያሰላስል ጀመር።

ታጁራ በዚህ ጠረፍ ካሉት ከተሞች ከቀደምቶቹ አንዷ ናት፤ ባለ ሰባት መስጊዷ ከተማ ይሏታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1880ዎቹ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ የሚያመጡ አውሮፓውያን ነጋዴዎች ግመልና ፈቃድ እስኪያገኙ እዚህ ወራት ይቀመጡ ነበር። ጠበቃው ይህን ሲሰማ «ምን እየበሉ?» አለ። መልሱን በማግሥቱ ማለዳ ያገኘ ይመስለኛል።

የማረፊያው ባለቤት የሆነችው ሴትዮ እናት ገና ሳይነጋ ተነሥተው ለሖሕ ይጋግራሉ። ለሖሕ ስስና ዓይናማ ሆኖ በአንድ ወገን ብቻ የሚበስል ነው፤ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የእንጀራ ታናሽ እህት ይለዋል። ነርሷ ከምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብላ ልዩነቱን ያገኘችው ግን በእጅ አጣጣሉ ላይ ነው። እኛ ሊጡን ከዳር ጀምረን ወደ መሐል እያዞርን እንጨርሳለን፤ እኚህ እናት መሐል ላይ አንድ ጭልፋ ያፈሱና በጭልፋው ጀርባ እየዞሩ ወደ ዳር ያስፋፉታል። ነርሷ በእኛ አገር መንገድ ልሞክረው ብላ ጠየቀች። ትንሹ የብረት ምጣድ ላይ መሐሉ ወፍራም፣ ዳሩ የተቆራረሰ ነገር ወጣላት፤ «እማማ» እያልን የምንጠራቸው እናትም እየሳቁ ያንኑ ለእርሷ ሰሐን ለይተው አቀረቡላት። ከለሖሑ ጋር ቅቤና ማር፣ ሄል የገባበት የወተት ሻይ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከዋዜማው የተረፈ የተጠበሰ ዓሣ ይመጣል። ዓሣ በቁርስ አልወድም የምትለዋ መምህርት ከሁላችንም በላይ በላች።

ቡናው የሚያሳፍር ነው። የኢትዮጵያ ቡና በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚወጣው በጂቡቲ ወደብ በኩል ነው፤ ለእኛ የቀረበልን ግን ሙቅ ውኃ ላይ የሚበተን የታሸገ ዱቄት ነበር። ይዛችሁ ሂዱ። ከሰሉን ማንም አይከለክላችሁም።

ስለ ክፍሎቹ ብዙ የሚባል የለም። ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ አጎበሩ ንጹሕ፣ ፍራሹ ግን መሐሉ የጎደጎደ ነው። አየር ማቀዝቀዣው የሚሠራው ማታ ብቻ ሲሆን ቀን ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። የመታጠቢያው ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ሳሙናው አረፋ ለማውጣት እንቢ ይላል፤ ፀጉሯን በየቀኑ መታጠብ የለመደች ሴት ከአሁኑ ብታውቀው ይሻላታል። ሰገነቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ ፍራሾቹን አውጥተን እዚያ ተኛን፤ ባለቤቷም ይህን ስለምታውቅ አጎበር የሚታሰርበት ምሰሶ አስተክላለች። ለሁለት ሰው ክፍል ቁርስን ጨምሮ በቀን 11,000 የጂቡቲ ፍራንክ ከፈልን። ፍራንኩ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ለረጅም ዘመን በቋሚ ዋጋ የተሳሰረ ነው፤ አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ከትንሽ ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ ምንዛሪ ያታልለኛል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ለአልጋው ብቻ ቢሆን ውድ እል ነበር።

ቁርስ የሚቀርበው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ጠበቃው ባለቤቷን በመምህርቷ አስተርጓሚነት ሊከራከራት ሞከረ፤ ለእረፍት የመጣ ሰው እንደ ወታደር ሊቀሰቀስ አይገባውም አለ። ሴትዮዋ በትሕትና ሰማችውና ሹፌሩን ጠራች። ሹፌሩ በወጣትነታቸው ከአሰብ ወደብ እስከ ኮምቦልቻ በተሳቢ ጭነት ያመላለሱ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው የዚያ ዘመን የከባድ መኪና ሹፌር አማርኛ ነው፤ ካቦውንም ክሪኩንም ባሌስትራውንም በስሙ ይጠራሉ። እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን፣ እሳቸው «ልጆቼ» ይሉናል። ለጠበቃው የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ እኔም የለሁ፣ መኪናዬም የለች።» ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፀሐይ ናት። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ በየዕለቱ የሚገባው ጫት ነው፤ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከተማው በሙሉ ፊቱን ወደ እርሱ ያዞራል። ጋሼ ይህን ሲናገሩ አንዳች እፍረት አላየሁባቸውም፤ የሥራ ሰዓታቸውን ነበር የነገሩን። በሰዓቱ ተነሣን።

መኪናው ከውጭ ሲታይ አያስተማምንም። ኮፋኖው በሌላ ቀለም የተቀባ ነው፤ የኋላ ወንበሮቹ እንደ ድሮ ታክሲ ፊት ለፊት የሚያፋጥጡ ሁለት አግዳሚዎች ናቸው፤ ማቀዝቀዣ የለውም። ፖርቶ መጋላው ላይ ግን ሁለት ስኮርት ጎማ፣ አራት ጀሪካን ውኃ፣ አካፋና ሁለት የብረት ሳንቃ ታስሯል። ገንዘቡ ለቀለም ሳይሆን ለጎማ እንደወጣ ወዲያው ይገባችኋል፤ ስድስቱም ጎማዎች አዲስ ነበሩ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ አሳል ሐይቅ ነው። አስፋልቱ የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ ይዞ ወደ ምዕራብ ይሄድና ጉቤት አል ኻራብ የተባለው፣ በተራሮች የታጠረ ጥልቅ የባሕር ቋት ላይ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው መሬት ገና ያልረጋ ነው። የአፍሪካና የዓረብ መሬቶች እየተለያዩ ያሉበት ስንጥቅ እዚህ ከባሕር ወጥቶ በእግር ይረገጣል፤ አርዱኮባ የተባለው ገሞራ በኖቬምበር 1978 ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ያፈሰሰው ድንጋይ አሁንም ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ሣር እንኳ አልደፈረውም። ጋሼ እዚህ ላይ አስፋልቱን ትተው ገቡ። በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ አራቱንም ጎማ አስይዘው፣ በዝቅተኛው ማርሽ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው የፊት ጎማውን እያዩ ይነዳሉ። የድንጋዩ ጠርዝ ስለት ነው።

እኔ አሸዋም ሆነ ድንጋይ ላይ ለመንዳት ከጎማው ነፋስ ይቀነሳል የሚል ነገር ሰምቼ ስለነበር ለምን እንደማይቀንሱ ጠየቅኋቸው። «አሸዋና ይሄ አንድ ነው እንዴ?» አሉኝ። ጎማ ሲላላ ሆዱ ወደ ጎን ይወጣል፤ ጎኑ ደግሞ ከመርገጫው ይልቅ ስስ ነው፤ ስለቱ የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። በሌላ ቀን ሳብል ብላን ወደሚባለው ነጭ አሸዋማ ዳርቻ ስንወርድ ግን መኪናውን አቁመው ወረዱ። በቁልፍ ጫፍ የጎማውን አፍ እየተጫኑ ነፋሱን ለቀቁት። ስንት ባር እንደሚያደርሱት ብጠይቃቸው «ፈገግ እስኪል» ብለው በመዳፋቸው የጎማውን ሆድ አሳዩኝ፤ መሬት የነካበት ቦታ ላይ በሁለቱም ወገን ትንሽ ጉንጭ አውጥቷል። እንዲህ ሲሆን መርገጫው ይረዝማል፣ ክብደቱም ይበታተናል። እኔ በሥራዬ ምክንያት ያልተለካ ነገር አላምንም፤ ከመሣሪያ ሳጥናቸው መለኪያ ፈልጌ አንድ በአንድ ለካሁ። አራቱም 1.2 ባር አካባቢ ነበሩ። ጋሼ መለኪያውን ተቀብለው ወደ ሳጥኑ መለሱት፤ ምንም አላሉም፤ ቀኑን ሙሉ ግን ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ወደ አሳል ልመለስ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ዳሎልን ያየ ሰው ከዚህ ምን አዲስ ነገር አገኛለሁ ሊል ይችላል፤ ነርሷም ብላ ነበር። አዲሱ ነገር ባሕሩ ነው። ከጉቤት የሚሰርገው የባሕር ውኃ በስንጥቁ ድንጋይ ሥር ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፤ ጨው ይቀራል። የሐይቁ ጨዋማነት ከተራው ባሕር አሥር እጥፍ ያህል ነው። ዳርቻው ላይ ያለው የጨው ንጣፍ መኪና የሚሸከምበት ቦታ አለ፤ የማይሸከምበትም አለ። ጋሼ ቆሙና በእግራቸው ቀደሙ። በተረከዛቸው ይመቱታል፣ ያዳምጣሉ፣ ይራመዳሉ። ደረቅና ነጭ የሆነው ያስኬዳል፤ ግራጫ መስሎ የረጠበው ከሥሩ ጭቃ ነው። ሌላ መኪና የሄደበትን ዱካ እያየን «በዚህ ሄደዋል እኮ» ስንላቸው፣ የተመለሱበትን ዱካ እንድናሳያቸው ጠየቁን። አልነበረም ማለት አልችልም፤ እኛ ግን አላገኘነውም።

ውኃው ውስጥ መግባት ይቻላል፤ ሰውነት አይሰምጥም። ትንሽ ቁስል ያለበት ሰው ግን ነርሷን ይጠይቅ። ከወጣን በኋላ ቆዳችን ላይ የደረቀው ጨው እያሳከከን ወደ ታጁራ ተመለስን፤ እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ቅሬታዬ። ማረፊያው ውስጥ ጨው የሌለበት ውኃ በቦቴ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ ያን ቀን የቀረው አንድ በርሜል ነበር። ባለቤቷ በርሜሉን ለመኪናው ሰጠችው። እኛ አራት ሰዎች፣ ከፀጉር እስከ ጫማ ነጭ ሆነን ቆመን፣ ጋሼ ከመኪናው ሥር ተጋድመው ሻንሲውን፣ ፍሬኑንና ባሌስትራውን በጥንቃቄ ሲያጥቡ አየን። ጠበቃው ስለ እንግዳ መብት አንድ ንግግር አደረገ። ሴትዮዋ ንግግሩ እስኪተረጎምላት ጠብቃ፣ ጨው ሰው አይበላም፣ ብረት ግን ይበላል አለች። ትክክል ናት። ቢሆንም አሳል የሚሄድ እንግዳ እንዳለ እያወቀች ሁለተኛ በርሜል አለማዘጋጀቷ ስንፍና ነው፤ እኛ የታጠብነው ቦቴው ሲመጣ፣ መሸት ሲል ነው።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ጉዞ ግን ወደ ዳይ ደን የወጣንበት ነው። ማለዳ ከባሕሩ ተነሥቶ፣ ራንዳ የተባለችውን መንደር አልፎ፣ ጎዳ ተራራ ላይ ስትደርሱ ሹራብ ትለብሳላችሁ። ፒስታው በጠባብ ጠመዝማዛ ይወጣል፤ አንዳንዱን መታጠፊያ ጋሼ በአንድ ጊዜ አይጨርሱትም፣ ወደ ኋላ ብለው ደግመው ያዞሩታል፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለ ሰው ያን ጊዜ ገደሉን ከመንገዱ የበለጠ ያየዋል። ስንወርድ ፍሬን ሲነኩ አላየሁም ማለት ይቻላል፤ መኪናውን በማርሽ እያስያዙ ነው የሚያወርዱት። ላይ ያለው ደን የጽድ ደን ነው፤ ነበር ብል ይቀለኛል፤ አብዛኞቹ ዛፎች ቆመው ደርቀዋል። በዓለም ላይ በጂቡቲ ብቻ የሚገኝ ቆቅ እዚህ ይኖራል፤ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ወፎች አንዱ ነው። ድምፁን ሰማን ብለን መምህርቷና እኔ እንምላለን፤ ጠበቃው ማስረጃ የለም ይላል። ጋሼ ደኑ ዳር ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው በእግር አስገቡን፤ በመኪና ወደ ውስጥ የሚገቡ እንግዶች እንደሚጠይቋቸውና እንደማይስማሙ ነገሩን። ይህን የምጽፈው ቦታውን ስትይዙ እንዳትጠይቋቸው ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ምንም አላየንም። በደረቅ ወንዝ ወለል ሽቅብ ወደ አንድ የዘንባባ ሸለቆ ልንሄድ ተነሥተን፣ ገና መግቢያው ላይ ጋሼ ቆሙ። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ተራራው ጫፍ ላይ ግን ደመና ተቀምጧል። ላይ የዘነበ ዝናብ ታች ፀሐይ ላይ ያለውን መኪና ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። አዙረው መለሱን። ደመናው ይዝነብ አይዝነብ አላወቅንም፣ ጎርፍ ሲወርድም አላየንም፤ ጠበቃው እንኳ ያን ቀን አልተከራከረም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መኪናው ከነሹፌሩ በቀን 28,000 ፍራንክ መሆኑ ቀድሞ ተነግሮን ነበር፤ ለአራት ሲካፈል አይጎዳም። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ነዳጅ ለብቻው ተጽፏል። ቦታ ስንይዝ በተላከልን መልእክት ውስጥ ስለ ነዳጅ አንድ ቃል አልነበረም፤ መልእክቱን አውጥቼ አሳየኋት። ሴትዮዋ አንብባ፣ ሁሉም እንግዳ ይህን ያውቃል አለች። እኔም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ቢጻፍ ማንንም አይጎዳም አልኩ። በመጨረሻ የነዳጁን ግማሽ ቀነሰች፤ ደመና ያየንበትን ቀን ደግሞ እኛ ሳንጠይቃት ጨርሳ አላስከፈለችም። ለውኃ ውስጥ መመልከቻ መነጽር ኪራይ የከፈልነውን ግን መመለስ ነበረባት፤ ሳብል ብላን ላይ ዓሣዎቹ ከዳር ጥቂት ሜትር ራቅ ብለው በኮራሉ መሐል ይታያሉ፣ መነጽሩ ግን ውኃ ያስገባል። ጎማ ላይ እንዲህ የሚጨነቅ ቤት የመነጽር ላስቲክ መቀየር እንዴት እንደሚያቅተው አልገባኝም።

ራሳችሁ መኪና ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ክፍሉን ተከራዩ፣ መኪናችሁን ግቢ አቁሙ፣ ጋሼን ያዙ። ጥሩ መኪና ያለው ሰው እዚያ አይጠፋም፤ የተመለሱበትን ዱካ የሚጠይቅ ሹፌር ግን ሌላ አላየሁም። ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ሰው ተራ በተራ ይሁን፤ የኋላው አግዳሚ ወገብ ላይ ይፈርዳል።

ስለ ጊዜው፦ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ግዙፎቹ ዓሣ ነባሪ ሻርኮች ወደ ባሕረ ሰላጤው ስለሚመጡ አምስቱም ክፍሎች ቀድመው ይያዛሉ። እነርሱን ማየት ካልተመኛችሁ ከዚያ በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ብትሄዱ ቤቱን ለብቻችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ዋጋም ትከራከራላችሁ። በበጋቸው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ማንም ርካሽ ነው ብሎ አያታልላችሁ። በእነዚያ ወራት ባለቤቷ ራሷ በሩን ቆልፋ፣ እናቷን ይዛ ወደ ዳይ ትወጣለች፤ የሚያደርሷቸውም ጋሼ ናቸው።